ከተበጠሰበት ይቀጠላል

ዓለሚቱ ኦይታ «እሺ» የሚባለውን ቃል ከእናቷ ጡት ጋር አልጠባችውም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ገበያ ወርዳ ቲማቲም ስትገዛ እንኳ የምትጀምረው «አይሆንም» ብላ ነው፤ ዋጋው ልክ ይሁን አይሁን ኋላ ይታያል። በዘጠና አንድ ዓ.ም. ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። አጭር ናት፤ ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም። የሚያውቋት ሰዎች ስትጮህ ይስቃሉ፣ ስታንሾካሹክ ግን መንገድ ይለቃሉ።

የተወለደችው ከላይ፣ ደጋው ላይ፣ ዶርዜ ነው። አባቷ አቶ ኦይታ ሸማኔ ናቸው። እሷም ጥጥ ስትፈትል አድጋ፣ ትምህርቷን ስትጨርስ ወደ አርባ ምንጭ ወርዳ ታይፕ ተማረች፤ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላት አንድ የፍራፍሬ አምራቾች ማኅበር ጸሐፊ አድርጎ ቀጠራት። የማኅበሩ አባላት በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝና ማንጎ የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው። ቢሮው ሲቀላ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ የማንጎ ዛፍ፣ አንድ የስልክ መስመር፣ በቃ። ሥራ አስኪያጅ ይመጣል፣ ሥራ አስኪያጅ ይሄዳል፣ ዓለሚቱ ግን ከወንበሯ ንቅንቅ የለም። አራተኛው ሥራ አስኪያጅ ሰይፈሥላሴ ይባላል። አንቱ አልተባለም ብላችሁ አትቀየሙ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንቱ የሚያሰኝ ነገር አልሠራም።

አንድ ረጂ ድርጅት ለማኅበሩ ኮምፒውተር ከነሞደሙ ሰጥቶ ነበር። ሞደም ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር የምታገናኝ ትንሽ ሣጥን ናት፤ ስትደውል አንገቷን እንደተያዘች ዶሮ ትንጫጫለች። በሞደሟ በኩል ዓለሚቱ አዲስ አበባ ካሉት የፍራፍሬ ነጋዴዎች ጋር በኢሜይል ትጻጻፋለች። አቤት ያ የኢሜይል ፕሮግራም! ከውጭ የመጣ ነው፤ አማርኛ ከጻፉበት እዚያ ማዶ ሲደርስ ኮከብና ቅንፍ ይሆናል። ይህስ ይቻል ነበር፤ በፋይል አያይዞ መላክ አለ። የማይቻለው ሌላው ነው። ደብዳቤው ግማሽ መንገድ ሄዶ መስመሩ ከተቋረጠ እንደገና ከ«ሀ» ይጀምራል። ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ደርሶ ቢቋረጥም ከ«ሀ»! አርባ ምንጭ ውስጥ ደግሞ መስመር የሚቋረጥበት ምክንያት ሞልቷል። ዝናብ አለ፣ ንፋስ አለ፣ ከሁሉም በላይ ሰይፈሥላሴ አለ። በእሱ ክፍል ያለው ስልክ ከዚያው መስመር ላይ የተቀጠለ ስለሆነ፣ እጀታውን ባነሣ ቁጥር የሞደሙ ግንኙነት ይበጠሳል። ዓለሚቱ ይህን ሃያ ጊዜ ነግራዋለች። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ኮምፒውተሩን አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም፤ የጸሐፊ ዕቃ ነው ባይ ነው።

ነገሩ የፈነዳው በታኅሣሥ ነው። ሙዝ የጫነ መኪና አዲስ አበባ መንገድ ላይ፣ ምዕራብ ዓባያ ቆሞ፣ ጭነቱን ለየትኛው ነጋዴ እንደሚያደርስ ትእዛዝ ይጠብቃል። ትእዛዙ እንዲመጣ የጭነቱ ዝርዝር በጽሑፍ፣ በኢሜይል መሄድ አለበት። ዓለሚቱ ዝርዝሩን ሰባት ጊዜ ላከች፤ ሰባት ጊዜ ተቋረጠ። ከሰባቱ አራቱን ያቋረጠው ሰይፈሥላሴ ነው፤ ለወንድሙ ሚስት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል። በስምንተኛው ሄዶ መልሱ በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ሙዙ ጠቁሮ ነበር።

የሙዙ ባለቤት ጋሽ ዳምጤ ናቸው፤ ስድሳን የዘለሉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። መጥተው ሦስት ጥቁር ሙዞች የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ አስቀመጡና «ይኸውልሽ ደብዳቤሽ» ብለው ወጡ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ዓለሚቱ በዐሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮ ውስጥ አለቀሰች። ደግሞ ማንም አዝና ነው እንዳይል፤ በንዴት ነው ያለቀሰችው።

ያን ሳምንት ተስፋጽዮን ማሽኑን ሊያይ መጣ። ኮምፒውተር ተምሮ የተመረቀ፣ ቋሚ ሥራ አጥቶ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ማሠልጠኛ በሰዓት የሚያስተምር የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነው። ፈታቶ፣ ፈትሾ፣ መልሶ ገጠመው።

«ምንም አልሆነም፣ እትዬ ዓለሚቱ። ፕሮግራሙ ሲሠራም እንዲህ ሆኖ ነው» አላት።

«እንዴት እንዲህ ሆኖ ይሠራል? አባቴ ክር ሲበጠስባቸው ከተበጠሰበት ነው የሚቀጥሉት። ጋቢውን ፈትተው ከጫፍ ይጀምራሉ እንዴ?»

ተስፋጽዮን ትንሽ አሰበ። «የሠሩት ሰዎች የሚኖሩት መስመር በማይበጠስበት አገር ነዋ» አለ።

«እና አንተ አስተካክለዋ!»

«አልችልም። ኮዱ፣ ማለት ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ተቆልፏል። የሚያዩት ባለቤቶቹ ብቻ ናቸው። ኮዱን ክፍት አድርገው የሚሠሩም አሉ፤ የፈለገ ያየዋል፣ ያስተካክለዋል፣ ለሌላ ይሰጠዋል። መልሶ መቆለፍ ብቻ ነው ነውሩ።»

ዓለሚቱ ሙዞቹን ከመሳቢያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ጥግ ደረደረቻቸው። እስከዚያም አልጣለቻቸውም ነበር።

«ጥለትም እኮ እንደዚያው ነው» አለች። «ለብሶት ገበያ የወጣ ሰው ጥለቱን ከማን ይደብቃል? ዐይኑ ያረፈበት ሸማኔ ሁሉ ይሠራዋል።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እንግዲያው የራሳችንን እንሥራ።»

ተስፋጽዮን ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር አራት ወንበር አወጣች። አንዱ የተስፋጽዮን ነው። አንዱ አብራው የተማረችው የብሩክታዊት፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ፣ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ከሶዶ እስከ ጂንካ ማመልከቻ ያላስገባችበት መሥሪያ ቤት የለም። ሦስተኛው የጋሽ ዳምጤ ነው። ሁለቱ ወጣቶች ተያዩ፤ ሙዝ አብቃይ ለፕሮግራም ዕቅድ ምን ይሠራል?

«ሙዙ የጠቆረባቸው እሳቸው ናቸው» አለች ዓለሚቱ፤ አራተኛው ላይ ራሷ ተቀመጠች።

ከዚያ ሕግ አወጣች። ዶርዜም ላይ፣ በጋሞ አገር ሁሉ፣ ሰው ተሰብስቦ ስለ አገሩ ጉዳይ የሚመክርበት አደባባይ አለ፤ ዱቡሻ ይባላል። ዱቡሻ ላይ እጅ አይቆጠርም። ነገሩ ሁሉም እስኪስማማ ድረስ ይወራል፤ አንድ ሰው «አይሆንም» ካለ ተነሥተው ይሄዱና ሌላ ቀን ይመለሳሉ። የተስማሙበትን ለማፍረስም እንደገና ሁሉም መስማማት አለበት። ዓለሚቱ ልጅ ሳለች በእነሱ መንደር ሴት ዱቡሻ ላይ አትቀመጥም ነበር። እሷ ይህን ሁሉ ያወቀችው ከእንሰት ጀርባ ተደብቃ ነው፤ ታዲያ ተደብቆ የሚሰማ ሰው ደህና አድርጎ ነው የሚሰማው።

«የኛም እንደዚያ ነው» አለች።

የመጀመሪያው ቀን የተስማሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮዱ አይቆለፍም። ብሩክታዊት ጻፈችው፣ ሦስቱ ፈረሙ፣ ጋሽ ዳምጤ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት።

ወይ ዕቅድ! እንዲህ ያለ ዕቅድ በዓለም ላይ ታይቶም አይታወቅ። የተሰረዘ ደብዳቤ ወዴት ይሂድ በሚለው ላይ ብቻ ሦስት ቅዳሜ ሄደ። ተስፋጽዮን በቃ ይጥፋ ይላል። ጋሽ ዳምጤ «ሰው ተቆጥቶ የጣለውን ማታ ይፈልገዋል» ብለው አይሆንም አሉ። ሰባት ቀን ይቆይ ተባለ፤ አሁንም አይሆንም፣ የሳቸው ቁጣ ከሰባት ቀን በላይ ነው የሚቆየው። በመጨረሻ ወር ተሰጠው። ከዚያ ደግሞ «ተልኳል» የሚለው ቃል ጦር አማዘዘ። ሽማግሌው «ተልኳል አልፈልግም፤ ደርሷል ነው የምፈልገው» ብለው ሙጭጭ። ወጣቶቹ አንድ ደብዳቤ መድረሱን ማረጋገጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በሥዕል አስረዱ። ጋሽ ዳምጤ ሰምተው ሰምተው «ሙዜስ?» አሉ። «ደርሷል» ገባ።

ስለ መበጠሱ ግን ክርክር አልነበረም። ገጽ ዐሥራ ሰባት ላይ ብሩክታዊት እንዲህ ብላ ጻፈች፤ ረጅም ደብዳቤ በቁራጭ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ይኖረዋል፤ መስመር ሲቋረጥ የተቋረጠው ቁራጭ ብቻ እንደገና ይሄዳል። ዓለሚቱ ያን ገጽ ስትተይብ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ሰይፈሥላሴ በመስኮት እያየ ይዝናና ነበር። «ምነው፣ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ነው የምትጠብቁት?» ይላል አንድ ቅዳሜ። «ላም አለኝ በሰማይ!» ይላል ሌላ ቅዳሜ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሳቁ አለምክንያት አልነበረም፤ አምስት ወር አልፎ አንዲት መስመር ኮድ አልተጻፈችም። ተስፋጽዮን ራሱ ሰለቸው።

«እጅ እናውጣና እንለፍ፣ እትዬ ዓለሚቱ። በእግዚአብሔር!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው። እሱም ተነፈሰና ተቀመጠ።

ግንቦት ማለቂያ ላይ ዕቅዱ አርባ ሦስት ገጽ ሆኖ ተጠናቀቀ። አንድም ሰው የተከፋበት ነገር በውስጡ አልነበረም። ተስፋጽዮን ደስታውን አልቻለውም። በአማርኛና በኮምፒውተር ጉዳይ የሚጻጻፉ ሦስት መቶ የሚሆኑ ሰዎች የጋራ የኢሜይል አድራሻ ነበራቸው፤ ወደዚያ አንድ ደብዳቤ ከላኩ ለሁሉም ይደርሳል። እሱም «የአማርኛ የኢሜይል ፕሮግራም ዕቅድ አዘጋጅተናል፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ይሆናል፤ ሙሉውን በቅርቡ እንልካለን» ብሎ ጻፈላቸው። ከሦስት መቶው ሰዎች አንዱ ታዲያ አለምሰገድ የሚባል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተርና ፕሮግራም የሚነግድ ሰው ነው። በሳምንቱ ደወለ። ለማን ደወለ? ለሰይፈሥላሴ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ስለበረታ ስብሰባው ከማንጎው ሥር ወደ ቢሮው ገብቶ ነበር። ያን ቅዳሜ ሰይፈሥላሴ ሳይጠራ መጥቶ አምስተኛ ወንበር ጎተተ። እጁ ላይ ወረቀት ይዟል። አለምሰገድ ዕቅዱን ይገዛል፤ ፕሮግራሙን ራሱ አሠርቶ፣ ኮዱን ቆልፎ ይሸጣል። ተስፋጽዮንና ብሩክታዊት አዲስ አበባ እሱ ዘንድ ይቀጠራሉ፣ በቋሚነት። ማኅበሩ ሁለት አዲስ ኮምፒውተር ያገኛል። ሰይፈሥላሴ ደግሞ የደቡብ ወኪል ይሆናል፤ ይህን የተናገረው መጨረሻ ላይ፣ ሳል እንደያዘው ሰው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነው። የሚያስፈልገው አራት ፊርማ ብቻ ነበር።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለዋል አባቶቻችን። ተባበሩና ፈርሙ» አለ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ነው የሚያስረው፤ ሸማኔውን ያስር አላሉም» አለች ዓለሚቱ።

የሳቀ የለም። ተስፋጽዮን ጫማውን እያየ ብዕሩን ተቀበለ። ጋሽ ዳምጤ ቀና ብለው «ደብዳቤዬ ከደረሰ፣ ቢቆለፍ ባይቆለፍ እኔን ምን ቸገረኝ?» አሉ። ይቺ ነገር ዓለሚቱን ከሁሉም በላይ አመማት። ሽማግሌው ከእሷ ጋር ናቸው ብላ ነበር።

«ጋሽ ዳምጤ፣ ነገ ሌላ ነገር ቢጎድልበትስ? ማን ያስተካክለዋል? የሚቆልፈው ሰው ምዕራብ ዓባያን በካርታም አያውቃት!»

መልስ የሰጠቻት ብሩክታዊት ናት፤ ዐይኗ እንባ ሞልቶ። «እትዬ ዓለሚቱ፣ አንቺ ደመወዝ አለሽ። እናቴ በደወልኩ ቁጥር ‹ተቀጠርሽ ወይ?› ትለኛለች። ምን ልበላት? አምስት ወር ሙሉ ስለ ተሰረዘ ደብዳቤ ስወያይ ነበር ልበላት?»

ልጅቷ ልክ ናት። ልክ የሆነችን ልጅ ምን ይሏታል? ዓለሚቱ ወረቀቱን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። ከዚያ አንሾካሾከች።

«አይሆንም።»

«በእጅ ይቆጠር!» አለ ሰይፈሥላሴ። «ሦስት ለአንድ። አለቀ።»

«ዱቡሻ ላይ እጅ አይቆጠርም። የመጀመሪያው ቀን አይቆለፍም ብለን አራታችንም ተስማምተናል። ያን የሚያፈርሰው የአራታችን ቃል ነው። የኔን ደግሞ አታገኙም።»

«ይኼ ቢሮ እንጂ ዱቡሻ አይደለም! ደግሞስ ሴት ዱቡሻ የተቀመጠችው ከመቼ ወዲህ ነው?» ሰይፈሥላሴ ፊቱ ቀላ። «ስሚ፣ ዕቅዱ በመሥሪያ ቤቱ ማሽን የተተየበ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። ያንቺ ፊርማ ከቀረ ይቅር፣ በእኔ ማኅተም ይሄዳል። አንቺም ዐሥራ ሦስት ዓመት ይበቃሻል። ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ቁልፍሽን ታስረክቢያለሽ!»

የታተመውን አርባ ሦስት ገጽ ከጠረጴዛው አነሣ፣ ዕቅዱ የተገለበጠበትን ዲስኬት ከመሳቢያዋ ወስዶ ኪሱ ከተተ። ኮምፒውተሩን ግን አላየውም። ለእሱ ዕቅድ ማለት ወረቀትና ዲስኬት ነው፤ የተተየበ ነገር ማሽኑ ውስጥም እንደሚቀር ማን ነግሮት? ዓለሚቱስ ብትሆን ምን ቆርጧት ትነግረዋለች?

እሑድ ዶርዜ ወጣች። ሰንበት ነውና ሽመናው ቆሟል፤ አቶ ኦይታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ኮዱን፣ ሙዙን፣ የልጅቷን እንባ፣ የሥራዋን ነገር። እንዲያጽናኗት ነበር የፈለገችው። ሠላሳ አራት ዓመት ቢሞላም አባት አባት ነው። እሳቸው ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ዱቡሻ ላይ አንቺን ማን አስቀመጠሽ?»

ዓለሚቱ ደሟ ፈላ። እዚህም ይህ! «ማንም። ራሴ ነኝ የተቀመጥኩት።»

«ተቀመጥሽ?»

«ተቀመጥኩ፣ አባባ!»

አቶ ኦይታ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያው አትነሺ» አሉና ቆጮና ዳጣ እንዲቀርብ ወደ ውስጥ ተጣሩ። ስለ ነገሩ ሌላ ቃል አልተነገረም።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮውን ከፈተች። ከስድስት በፊት አርባ ሦስቱ ገጽ ለሦስት መቶው ሰው መሄድ አለበት። ሁሉም እጅ የገባን ነገር ማን ይገዛል? ማንስ ይቆልፋል? ሙሉውን በአንድ ፋይል አያይዛ ላከችው። ሞደሟ ተንጫጫች፣ ያዘች። ሠላሳ በመቶ፣ ሃምሳ፣ ስድሳ። ዝናቡ መጣና ተበጠሰ። ከ«ሀ»። ሁለተኛው ሰማንያ ሁለት ላይ ሲደርስ ሰይፈሥላሴ ገባ፤ ሰላምታ ሳይሰጥ አልፏት ክፍሉ ገባና እጀታውን አነሣ። ከ«ሀ»!

አለምሰገድን ነበር የሚፈልገው፤ ወረቀቱ እጄ ገብቷል ሊለው። እጀታውን ሲያነሣ የሞደሟን ጩኸት ይሰማል። «ይኸው ዝናቡ መስመሩን አሳበደው!» ይልና ይዘጋል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል። ሲሳካለት ደግሞ የአዲስ አበባው ስልክ ተይዟል። ዓለሚቱ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ሞከረች። እያንዳንዱን እሱ በጠሰው። ሃያ ጊዜ የተነገረውን አንዴ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ አሁን ምን እየሠራች እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ እግዜር ይስጠው፣ አልሰማም። አራት ሰዓት ሆነ። ያለቀላት መሰላት።

ያን ጊዜ ነው ገጽ ዐሥራ ሰባት ትዝ ያላት። ራሷን በጥፊ ልትል ምንም አልቀራት። አምስት ወር ሙሉ ተሟግተው ያቀዱትን ፕሮግራም የጻፈው የለም፤ እሺ፣ እጅ ግን አለ! አርባ ሦስቱን ገጽ እዚያው ማሽኑ ላይ አራት አራት አድርጋ ቆረጠችው፤ ዐሥር ቁራጭ ከአራት አራት ገጽ፣ ዐሥራ አንደኛው ሦስት ገጽ። የመጀመሪያው ላይ «ቁራጭ አንድ ከዐሥራ አንድ» ብላ ጻፈችበት። «ኮዱ አይቆለፍም» የሚለው ከአራቱ ስም ጋር ያለው እዚያ ላይ ነው። ሰይፈሥላሴ እጀታውን ሲያስቀምጥ ጠብቃ ላከችው። በአራት ደቂቃ ሄደ።

ሁለተኛውን እየላከች ሳለ በሩ ተከፈተና ብሩክታዊት ገባች፤ ዝናብ አበስብሷታል። የቅጥር ደብዳቤዋን ልትቀበል ነው የመጣችው፤ ሰይፈሥላሴ ሰኞ ነይ ብሏት ነበር። ማያ ገጹን አየችና ቆመች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች በቀስታ።

«የተስማማንበትን።»

ከዚያ ሰይፈሥላሴ እጀታውን አነሣ፤ ቁራጭ ሁለት ተበጠሰ። ዓለሚቱ አልተሳደበችም። ያንኑ ቁራጭ ሁለት እንደገና አዘጋጀች። ልጅቷን ቀና ብላ ሳታይ «ብትነግሪው አልቀየምሽም። እውነቴን ነው። ያልሽኝ ሁሉ ልክ ነው» አለቻት።

ብሩክታዊት ማያ ገጹ ላይ ያሉትን ቁጥሮች፣ ሁለት ከዐሥራ አንድ፣ ሦስት ከዐሥራ አንድ የሚሉትን እያየች ነበር፤ የገጽ ዐሥራ ሰባት ጽሑፍ የራሷ ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለመስታወት መስኮት አለ። ወንበር ሳበችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ከፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ ነበር።

«አወረደ» አለች።

ዓለሚቱ ላከችው። ሁለት ሄደ። አቅፋ ብትስማት ደስ ባላት፤ ጊዜ የለም። «አነሣ» ስትል ታቆማለች፣ «አወረደ» ስትል ትልካለች። ሦስት ሄደ። አራት ተበጠሰ፣ እንደገና አራት። አምስት። ሰውየው ደግሞ ሲያነሣ ሲጥል፣ ሲያነሣ ሲጥል፤ ወኪልነቱ ሊያመልጠው ነው መሰለው። ስድስት፣ ሰባት። ስምንት ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። ዘጠኝ። አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ዐሥር ሄደ። የቀረችው ዐሥራ አንደኛዋ ናት።

«አነሣ» አለች ብሩክታዊት። ቀጥላም «ያዘለት!» አለች።

ድምፁ በግድግዳው ውስጥ ይሰማል። «ሄሎ! አቶ አለምሰገድ! እንዴት አደሩ! ወረቀቱም ዲስኬቱም እጄ ላይ ነው፣ ማኅተም አድርጌበታለሁ። ያቺ ሴትዮም ዛሬ ትሄዳለች...» ከዚያ ዝም አለ። «ምን?» አለ። «ከየት? ማን ላከው?»

በሩ ተበረገደ። ሰይፈሥላሴ የስልኩን እጀታ እንደያዘ፣ ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ወጥቶ ደፉ ላይ ቆመ። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ዓለሚቱ! ምን ጉድ ነው የሠራሽኝ? ዕቅዱ ጠዋት ጠዋቱን ቢሯቸው ገብቷል ይሉኛል! አገር ምድሩ በነፃ የያዘውን ነገር እኔ ምን ብዬ ልግዛ ይሉኛል!»

ዓለሚቱ የቢሮውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።

«ስንት ቁራጭ ደርሷቸዋል?» አለች፣ እያንሾካሾከች።

ሰውየው ግራ ገብቶት እጀታውን ወደ ጆሮው መለሰ። ጠየቀ። ሰማ። «ዐሥር» አለ። ከዚያ ዐይኑ ፈጠጠ። «ዐሥራ አንደኛው የት አለ? ይላሉ።»

«ስልኩን ይዝጉትና ይደርሳቸዋል» አለችው።

ሰይፈሥላሴ ዞሮ ገባና እጀታውን በንዴት ዘጭ አደረገው።

«አወረደ» አለች ብሩክታዊት።